በተቆረጠ ፖይንሴቲያ ትልቅ የአበባ ዝግጅት መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፖይንሴቲያን፣ ማለትም አናቱ ላይ ኮከብ የሚመስል ቀይ ቅጠል የሚያወጣውን ተክል፣ ቆርጠው አዳራሽ፣ መድረክ ወይም ረጅም ገበታ ማስጌጥ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ፖይንሴቲያ በመትከያ የሚሸጥ ተክል አይደለም እንዴ? ተቆርጦ ይቆያል?

ይቆያል። በአግባቡ የተዘጋጀ ዘንግ ውሃ ውስጥ እስከ ሁለት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ሳይዘጋጅ ተቆርጦ ማስቀመጫ ውስጥ የተጨመረው ግን በማግስቱ አንገቱን ይደፋል። «ፖይንሴቲያ ለቆረጣ አይሆንም» የሚለው ወሬ የተወለደው ከዚህ ከሁለተኛው አያያዝ ይመስለኛል።

እንዲያውም ታሪኩ የተገላቢጦሽ ነው። ተክሉ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ቁጥቋጦ ሲሆን በተፈጥሮ ቦታው ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ስሙን ያገኘው በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ የአሜሪካ መልእክተኛ ከነበረውና ተክሉን ወደ አገሩ ከላከው ከጆኤል ሮበርትስ ፖይንሴት ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የኤኪ ቤተሰብ ፖይንሴቲያን ለገበያ ማቅረብ ሲጀምር ከማሳ እየቆረጠ መንገድ ዳር ይሸጠው ነበር። በመትከያ ውስጥ አጥሮ የሚሸጠው ዓይነት የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀዩ ክፍል አበባው ነው?

አይደለም፤ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች መሐል ላይ ተሰብስበው የሚታዩት ትንንሽ ቢጫና አረንጓዴ እንክብሎች ናቸው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለዕፅዋት ተማሪ ብቻ አይደለም። ዘንግ ሲመርጡ ዓይንዎ መጀመሪያ ማረፍ ያለበት እነዚህ እንክብሎች ላይ ነው። ጥብቅ ብለው ብዙም ካልፈኩ ገና ብዙ ዕድሜ አለው። ቢጫ ብናኝ አራግፈው ከሆነ፣ ወይም ረግፈው መሐሉ ባዶ ከቀረ፣ ቀዩ ቅጠል ምንም ያህል ቢያምር ተክሉ ጊዜውን ጨርሷል። እንዲህ ያለውን ለትልቅ ዝግጅት አይድከሙበት።

ስቆርጠው የሚንጠባጠበው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ምንስ ላድርገው?

ወተቱ ነው። ፖይንሴቲያ የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ስለሆነ እነርሱን ሰብሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ወተት ያውቀዋል። ዝም ካሉት ሁለት ጥፋት ያደርሳል፦ ውሃውን ያደፈርሳል፣ ጫፉ ላይ ረግቶም ዘንጉ ውሃ የሚጠጣበትን አፍ ይዘጋል። መፍትሔው ሙቅ ውሃ ነው። ዘንጉ እንደተቆረጠ የጫፉን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ5 ሰከንድ ያህል ይንከሩ፤ ወዲያው አውጥተው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ10 ሰከንድ ያቆዩት። ቴርሞሜትር ከሌለዎት የፈላ ውሃና የቧንቧ ውሃ እኩል ቢያደባልቁ ወደሚፈለገው ሙቀት ይጠጋል። እንፋሎቱ ቀዩን ቅጠል እንዳይመታው ዘንጉን ጋደል አድርገው ይያዙ።

«ጫፉን ካሸግሁት በምን ይጠጣል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። በዘንጉ ውስጥ ወተቱ የሚሄድበትና ውሃው የሚሄድበት መስመር ለየብቻ ናቸው። ሙቀቱ የሚያረጋው ወተቱን ነው፤ የውሃው መስመር ክፍት ሆኖ ይቀራል። ጫፉን በሻማ ነበልባል መለብለብም ይሠራል፤ ነገር ግን ስልሳ ዘንግ አንድ በአንድ ሻማ ላይ መያዝ የሚያስመርር ሥራ ነው።

ሰዎች የሚረሱት ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ዘንጉን ዳግም ባሳጠሩት ቁጥር ወተቱ ዳግም ስለሚፈስ ሙቅ ውሃውም ዳግም ያስፈልጋል። አርባ ዘንግ በጥንቃቄ አዘጋጅቼ፣ አዳራሹ ደርሼ «ትንሽ ረዘሙ» ብዬ ሁሉንም በሁለት ሁለት ጣት ያሳጠርኩበትን ቀን አልረሳውም። ሙቅ ውሃ ፍለጋ መሄዱን ሰነፍኩ። እንግዶቹ ለእራት ሲቀመጡ የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ወለሉን እያየ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንቆርቆሪያ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

መርዝ ነው ይባላል። ሕፃናት ባሉበት ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል?

ገዳይ ነው የሚለው ወሬ የተነሣው በ1919 እ.ኤ.አ. በሃዋይ አንድ ሕፃን ቅጠሉን በልቶ ሞተ ከሚል፣ ኋላም መሠረት እንደሌለው ከታወቀ ታሪክ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ለመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከላት የተነገሩ 22,793 አጋጣሚዎችን መርምሮ አንድም ሞት አላገኘም፤ አብዛኞቹ ሰዎች ምንም ምልክት አልታየባቸውም። ብዙ ከተበላ ሆድ ሊያውክና ሊያስመልስ ይችላል።

ይህ ማለት ግን ወተቱ ጨዋ ነው ማለት አይደለም። ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የጎማ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ ባይነካው ይሻላል። ጓንት ያድርጉ፣ እጅዎን ሳይታጠቡ ፊትዎን አይንኩ። ነጭ የገበታ ልብስ ላይ ከተንጠባጠበ ሳይደርቅ በሳሙናና በውሃ ያጥቡት። መቀስ ላይ የደረቀውን አልኮል ያስለቅቀዋል።

መቼና ከየት ላይ ልቁረጥ?

ተክሉን ማታ በደንብ አጠጥተው ጠዋት ይቁረጡ። የተጠማ ተክል ላይ የተቆረጠ ዘንግ በኋላ የፈለገውን ያህል ውሃ ቢያገኝ አያገግምም። የሚቆረጠው ራስ፣ ማለትም ቀዩ ኮከብ ከነእንክብሎቹ፣ ቀለሙን የጨረሰ መሆን አለበት፤ እንክብሎቹን የከበቡት ትንንሾቹ ቅጠሎች ገና አረንጓዴ ከሆኑ ይጠብቁ፣ ለጋ ዘንግ ቶሎ ይጠወልጋል። ቅርንጫፎቹ ከመገጣጠሚያቸው ላይ በቀላሉ ስለሚገነጠሉ ራሱን ሳይሆን ዘንጉን ይዘው በስለታም መቀስ አግድመው ይቁረጡ። ታች ሁለት ሦስት አንጓ ካስቀሩለት ተክሉ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ካሸግሁት በኋላስ? አረንጓዴው ቅጠል መነሣት አለበት?

ውሃ ውስጥ የሚገባው በሙሉ፣ ከውሃው በላይ ካለውም ቢያንስ ግማሹ ይነሣ። አረንጓዴው ከቀዩ ቀድሞ የሚጠወልግ ሲሆን በቆየበት ጊዜ ሁሉ ውሃውን የሚጠጣው እሱ ነው። ለትልቅ ዝግጅት እኔ ከቀዩ በታች ያለውን በሙሉ አነሣለሁ፤ አረንጓዴ ካስፈለገኝ እንደ ጽድ ያለ ጠንካራ ቅጠል ከሌላ ቦታ አመጣለሁ። ቅጠሉ የተቀነጠሰበትም ቦታ ወተት ያወጣል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጫን አድርገው ቢይዙት ብዙም ሳይቆይ ይቆማል።

ከዚያ ዘንጎቹን እስከ ወገባቸው ንጹሕ ውሃ ውስጥ አቁመው ብርሃን በማይበዛበት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ያሳድሩ። ይህ ሌሊት የሥራው ልብ ነው። ከሌላ አበባ ጋር በአንድ ባልዲ አይጨምሩት፤ የተረፈው ወተት ለጎረቤቱ አይበጅም።

በአበባ ማቀዝቀዣ ውስጥ ላሳድረው?

በፍጹም። ጽጌረዳ የለመደ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጽጌረዳን ዕድሜ የሚያስረዝመው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያለ ቅዝቃዜ ፖይንሴቲያን ይገድለዋል። ተክሉ የሞቃት አገር ልጅ በመሆኑ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆይ ይጎዳል፤ ቀዩ ወደ ሰማያዊነት ያደላና ቅጠሉ ይረግፋል። ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ያለ ክፍል ይበቃዋል።

ለአንድ ትልቅ ዝግጅት ስንት ዘንግ ያስፈልገኛል?

በስፋት ያስሉ። ደህና የሚባል ራስ ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ገጽ ለመሸፈን 25 ራስ ያስፈልጋል። ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ኳስ፣ ማለትም አንድ ክብ ገበታ መሐል የሚቀመጥ ጉልላት፣ የገጹ ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ እሱም 25 ራስ ይወስዳል። ሲሦውን ለአረንጓዴ ቢለቁ 17 ይበቃል፤ በእኔ ዓይን የሚያምረውም ይኸኛው ነው። ራሶቹ ትከሻ ለትከሻ ከተጨናነቁ እያንዳንዱ የኮከብ ቅርጹን ያጣና ከሩቅ ቀይ ጨርቅ የተጣለ ይመስላል።

ተክሉን በመትከያ ገዝተው የሚቆርጡ ከሆነ በአንዱ ላይ ስንት የደረሰ ራስ እንዳለ ቆጥረው ይግዙ፤ አምስት ስድስት የተለመደ ነው። ከአሥር አንዱ በመጓጓዝ ወይም በእጅዎ እንደሚሰበር አስበው ጭማሪ ይያዙ።

ዘንጉ አጭር ነው። ከፍ ያለ ዝግጅት እንዴት ይሠራል?

ከመትከያ የተቆረጠ ዘንግ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ዘንጉ ከፍ ሊል ስለማይችል ውሃው ከፍ ይበል። አንዱ መንገድ ላስቲክ ክዳን ያላትን ትንሽ የውሃ ቱቦ በቀጭን ቀርከሃ ጫፍ ላይ በሽቦ ማሰርና ዘንጉን በክዳኗ ቀዳዳ ማስገባት ነው። ቀርከሃው የፈለጉትን ያህል ይረዝማል፣ ቱቦዋን ደግሞ ቅጠል ይሸፍናታል። ቱቦዋ የምትይዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ በየቀኑ መሙላት ግድ ነው፤ መሰላል ሳይወጡ የማይደረስበት ቦታ ላይ አይጠቀሙባት። ሁለተኛው መንገድ በደረጃ በተሠራ የብረት ማቆሚያ ላይ ውሃ የያዙ ሳህኖችን በየእርከኑ ማስቀመጥ ነው። ከሁለት ሜትር በላይ ለሆነ ሥራ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። ፖይንሴቲያ ፊቱ ወደ ሰማይ ነው። ከዓይን በታች ሲቀመጥ ኮከብ ይመስላል፤ ከዓይን በላይ ሲወጣ ግን ተመልካቹ የሚያየው የቅጠሉን ጀርባ ነው፣ ጀርባው ደግሞ የደበዘዘ ነው። ስለዚህ ከፍ ባለ ቁጥር ራሱን ወደ ተመልካቹ ማዘንበል ያስፈልጋል። ቱቦዋን በቀርከሃው ላይ ጋደል አድርገው ይሰሯት፣ ሳህኑም ውስጥ ዘንጎቹን የሚይዘው የዶሮ ሽቦ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይደረግ። ሥራውን ሲጨርሱ ተቀምጠው ይዩት፤ እንግዳው የሚያየው ከወንበር ላይ ነውና።

ስፖንጅ (ውሃ መጥጦ ዘንግ የሚሰካበት የአበባ መሥሪያ) ይሻላል ወይስ የዶሮ ሽቦ?

ለዚህ አበባ የዶሮ ሽቦ። ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ሽቦ ጨምድደው ሦስት ድርብ ያለው ኳስ ያድርጉት፣ ሰፊ አፍ ባለው ውሃ የማያፈስ ዕቃ ውስጥ አስገብተው ከላይ በማጣበቂያ ፕላስተር መስቀለኛ ይሰሩት። ዘንጉ በሦስቱም ድርብ አልፎ ስለሚሄድ አይንቀሳቀስም፣ ጫፉም በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይሆናል። ሳይወድዱት ቢቀሩ አውጥቶ መመለስም ይቻላል።

ስፖንጅ የግድ ካስፈለገ፣ ለምሳሌ በር ላይ ለሚሰቀል ጉንጉን ወይም ለቅስት፣ ሁለት ሕግ ይያዙ። ስፖንጁን ውሃ ላይ አስቀምጠው በራሱ ጊዜ እስኪሰጥም ይጠብቁ፤ በእጅ ከተጫኑት ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የፖይንሴቲያ ዘንግ ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ቀዳዳውን አስቀድመው በእርሳስ ይክፈቱለት። አንዴ የገባን ዘንግ መልሰው ወደ ላይ አይሳቡት፤ ከሥሩ ባዶ አየር ይቀርና ውሃ ሳያገኝ ይውላል። ስፖንጁ ፕላስቲክ ነው፣ ተሰባብሮም አይበሰብስም። የብሪታንያው የአትክልተኞች ማኅበር ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ በአበባ ትርኢቶቹ ላይ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንዳይወድቅ ምን ላድርግ?

ውሃ ይመዝናል። አሥር ሊትር የሚይዝ ዕቃ አበባው ሳይታሰብ አሥር ኪሎ ነው፤ ይህ ክብደት ከላይ ሆኖ እግሩ ቀጭን ከሆነ ልጅ ሲሮጥ ነክቶት ይገለበጣል። ከሥሩ በድንጋይ ወይም በአሸዋ ከረጢት ያክብዱት፣ ከላይ ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ ጋር በማይታይ ሽቦ ይሰሩት። ውሃውን የሚሞሉት ዕቃው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው።

ቀይ ብቻ ላድርግ ወይስ ልቀላቅል?

መብራቱ ይወስናል። ብርሃን ሲደክም የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያጣው ቀይን ነው፤ በቀን አዳራሹን ያነደደው ቀይ በሻማ ምሽት ጥቁር ጉድጓድ ሊመስል ይችላል። ለምሽት ዝግጅት ከሦስት አንዱን ነጭ ወይም ክሬም ቢያደርጉት ነጩ ብርሃኑን ይዞ ቀዩንም ያወጣዋል። ሮዝና ቀይ ግን አንድ ላይ ሲሆኑ አይስማሙኝም።

ማስጌጫ ቀለምና ብልጭልጭ ቢረጭበትስ?

ለአበባ ተብሎ የተሠራ እስከሆነ ድረስ ነጩ ላይ ይቻላል፣ በስሱ። ለእንጨትና ለብረት የሚሆን ቀለም ግን ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ቀዩ ላይ መርጨት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያማረውን ማበላሸት ነው።

ስንት ቀን ቀድሜ ልጀምር? እንዴትስ ላጓጉዘው?

ማቆሚያው፣ ሽቦውና አረንጓዴው ከሁለት ቀን በፊት ያልቅ። ቆረጣው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ፖይንሴቲያው የሚገባው በዕለቱ ጠዋት፣ ሌላው ሁሉ ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። የተሰበሰበ ትልቅ ዝግጅት በመኪና ማጓጓዝ አይሞከር፤ ዘንጎቹን በባልዲ ከነውሃቸው ወስደው እዚያው ይሥሩት።

ለመንገድ በወረቀት መጠቅለሉ ጥሩ ነው፤ እንደደረሱ ወዲያው መፍታቱ ግን የበለጠ ያስፈልጋል። አበባው ኤቲሊን የሚባለውን ጋዝ አይችልም። ጋዙ በመጠቅለያው ውስጥ ከተጠራቀመ የቅጠሉ ክንዶች ወደ ታች ይቆለመማሉ። የበሰለ ሙዝና ፖም፣ እንዲሁም የመኪና ጭስ የዚሁ ጋዝ ምንጮች ናቸው። ዘንጎቹን ከፍራፍሬ ካርቶን አጠገብ አይጫኑ፤ የፍራፍሬ ገበታውንም ከዝግጅቱ ያርቁት።

ጠዋት ስደርስ ጠውልጎ አገኘሁት። ይድናል?

መጀመሪያ ከሦስቱ የቱ እንደሆነ ይለዩ። ውሃው ጎድሎ ወይም ጫፉ ተዘግቶ ከሆነ ቅጠሉ ለስላሳ ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ ቀለሙ ግን ደህና ነው። ከጫፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ሙቅ ውሃውን ይድገሙ፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አቁመው ራሱን በእርጥብ ወረቀት ይሸፍኑ። ጥቂት ሰዓታት ይስጡት፤ ብዙዎቹ ይነሣሉ።

ዘንጉና ቀለሙ ጠንካራ ሆነው ክንዶቹ ብቻ ወደ ታች ከታጠፉ ኤቲሊን ነው። ንጹሕ አየር ያግኝ፤ ቀለል ያለው በአንድ ሁለት ቀን ሊቃና ይችላል፣ ለዛሬ ማታ ግን አይደርስም። ቀዩ ወደ ሰማያዊ ከዞረ ወይም ጫፉ እንደተቀቀለ ጎመን ከሆነ ብርድ መትቶታል። እሱን ነቅለው ከጭማሪው ይተኩ። ለዚህ ነው ከአሥር አንድ ጭማሪ ያልኩት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ረጅም ዘንግ ከራሴ ተክል ላገኝ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በመትከያ የሚሸጠውን ተክል አጭር ያደረገው ብዙ ጊዜ አምራቹ የሚሰጠው እድገት የሚገታ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ተክሉ ወደ ቁጥቋጦነቱ ይመለሳል። ከቆረጣው በኋላ ሰፋ ወዳለ መትከያ አዛውረው፣ ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራ ሦስት አራት ቅርንጫፍ ብቻ አስቀርተው ሌላውን ያንሡ፤ የቀሩትንም አናታቸውን አይቀንጥቡ። የቅርንጫፉ ቁጥር ሲያንስ ዘንጉ ይረዝማል፣ ራሱም ይሰፋል።

ማቅለሙ የጨለማ ጉዳይ ነው። ፖይንሴቲያ ቀለም የሚያወጣው ሌሊቱ ሲረዝም በመሆኑ፣ ለስምንት ሳምንት ያህል በየሌሊቱ 14 ሰዓት ያልተቋረጠ ጨለማ፣ ቀን ደግሞ ደማቅ ብርሃን ያስፈልገዋል። «ያልተቋረጠ» የምትለውን ቃል ልብ ይበሉ። በመስኮት የሚገባ የመንገድ መብራት፣ ወይም ሌሊት ተነሥቶ የክፍሉን መብራት የሚያበራ የቤተሰብ አባል ማቅለሙን ሊያዘገየው ይችላል። ማንም የማይገባበት ክፍል ከሌለዎት ማታ ማታ ብርሃን በማያሳልፍ ካርቶን ይክደኑት፣ ጠዋት ይግለጡት።